ቤት፣ ቦታ፣ እርሻ ወይስ ባጃጅ? ወሎ ላይ ገንዘብ ይዞ ለሚያመነታ ሰው

የአጎቴ ልጅ ከጅዳ ከተመለሰች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ገንዘብ ባንክ ተቀምጧል። ቤተሰቡ ግን መስማማት አልቻለም። እናቷ «ቤት ግዥ፣ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው» ይላሉ። ታናሽ ወንድሟ «ባጃጅ ነው የሚያዋጣው» ባይ ነው። አጎቷ ደግሞ ከገጠር ድረስ መጥተው «ሁለት ጥማድ መሬት የሚለቅ ሰው አግኝቼልሻለሁ፣ በርካሽ» ብለዋታል። ግራ ሲገባት እኔ ጋ መጣች። «ወንድምዓለም፣ አንተ ይሄን ስትጽፍ ነው የኖርከው። ምን ይሻለኛል?»

እውነቷን ነው። ደሴ ውስጥ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻና ውል ስጽፍ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጠበቃ አይደለሁም። ግን ሰው ሲዋዋልም እኔ ጋ ይመጣል፣ ውሉ ፈርሶ ሲካሰስም እኔ ጋ ይመጣል። ከዚያ ያየሁትን ነው ለእሷ የነገርኳት። እዚህም እሱኑ ነው የምጽፈው። ዋጋ አልጠቅስም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለከርሞ አይሠራም።

የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ንብረትን ሁሉ ለሁለት ይከፍለዋል። የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ። ቁጥር 1130 መሬትና ሕንፃ የማይንቀሳቀሱ ናቸው ይላል። ጠባዩን ሳይለቅ በራሱ የሚሄድ ወይም ሰው የሚያንቀሳቅሰው ግዙፍ ነገር ደግሞ ተንቀሳቃሽ ነው። በሬ በእግሩ ይሄዳል፣ ባጃጅ ይነዳል፣ ወርቅ በኪስ ይያዛል።

ይሄማ ማንም ያውቀዋል ትሉ ይሆናል። እሺ፣ ባህር ዛፉስ? ጓሮ ቆሞ ሳለ የመሬቱ አካል ነው። ተቆርጦ ሲወድቅ ተንቀሳቃሽ ይሆናል። እንዲያውም ቆሞ እያለ «ቆርጬ ልወስደው» ተብሎ ውል ከተደረገበት ሕጉ ለብቻው እንደቆመ ተንቀሳቃሽ ይቆጥረዋል። ጤፍም እንዲሁ ነው። ማሳው ላይ ሳለ መሬት ነው፣ ታጭዶ ነዶ ሲሆን ዕቃ ነው።

ይህችን ነገር የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። አንድ ጊዜ ሆጤ አካባቢ ያለ ቤት ሲሸጥ ውሉን እኔ ጻፍኩ። «ቤቱን ከነሙሉ ይዞታው» ብዬ ዘጋሁት። በርክክቡ ቀን ሻጭ አይሱዙ ይዞ መጣ። ጣሪያው ላይ የነበረውን ሮቶ አወረደ። የውሃ ፓምፑን ፈታ። የጊቢውን የብረት በር ሳይቀር ከማጠፊያው አላቆ ጫነ። ጌሾዋን ከነሥሯ ነቀላት። ገዢው ውሉን እያውለበለበ ወደ እኔ መጣ። «የት አለ ሮቶ የሚል?» አለኝ ሻጭ። የለም። በሩ ከቤቱ ጋር እንደሚሄድ አያጠራጥርም። ለቤቱ አገልግሎት በቋሚነት የተመደበ ዕቃም ሕጉ ተጓዳኝ ነው ብሎ ከቤቱ ጋር ነው የሚያየው። ነገር ግን ይህን ለማስረዳት ሽማግሌ ፊት አራት ቀጠሮ ፈጀብን። ከዚያ ወዲህ ሮቶ፣ ፓምፕ፣ በር፣ ቆጣሪ፣ ዛፍ፣ ሁሉንም በዝርዝር እጽፋለሁ። የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ።

መሬት የሚገዛ የለም

ሌላው ቀድሞ መጥራት ያለበት «መሬት ገዛሁ» የሚለው አነጋገር ነው። ርስት የሚለው ቃል ከአፋችን አልወጣም፤ «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» እያልን ነው ያደግነው። ሕጉ ላይ ግን ርስት በ1967 ዓ.ም. አክትሟል። የገጠሩ መሬት በአዋጅ ቁጥር 31፣ የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ወደ መንግሥት ዞረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። የእናንተ የሚሆነው መሬቱ ላይ በጉልበታችሁ ወይም በገንዘባችሁ የሠራችሁት ቤትና ያደረጋችሁት ቋሚ ማሻሻያ ነው። እሱን መሸጥ፣ ማውረስ፣ ማስያዝ ትችላላችሁ። ከሥሩ ባለው መሬት ላይ ያላችሁ ይዞታ ነው።

ስለዚህ «የትኛውን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ በእኔ ቋንቋ «የትኛውን መብት፣ በየትኛው ወረቀት?» ማለት ነው። ባቲ ገበያ ሰኞ ዕለት በሬ ስትገዙ ገንዘቡን ትቆጥራላችሁ፣ ገመዱን ትቀበላላችሁ፣ አለቀ። ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ የያዘ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። ቤት ላይ ቁልፍ መቀበል እንደ ገመዱ አይደለም። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። በውልና ማስረጃ ወይም በፍርድ ቤት ፊት መደረግ አለበት። ከዚያም ስሙ በመዝገብ መዞር አለበት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በዚህ መንገድ ያልተደረገ የቤት ሽያጭ፣ ሻጭ ሲክድ እንደማይጸና ወስኖ ያውቃል። አሥር ምስክር ይኑራችሁ፣ ሙሉ ዋጋውን ከፍላችሁ ይሁን፣ ያው ነው። ከዚያ የሚቀረው ገንዘቤን መልስልኝ ብሎ መክሰስ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት የተሰጠ ብር ዛሬ ሲመለስ ምን እንደሚገዛ እናንተ አስቡት።

ካርታ ያለው ቤት

እናቷ የሚሉት ይሄን ነው። እኔም ልቤ ወደዚህ ያደላል። ካርታው በሻጭ ስም ካለ፣ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑ ከማዘጋጃ ቤት በጽሑፍ ከመጣ፣ ባልም ሚስትም ከፈረሙ፣ እንቅልፍ የሚያስተኛ ንብረት ነው። ባንክ ይወደዋል፣ ተከራይ ይገባበታል፣ ለልጅ ይተርፋል።

የባልና ሚስቱን ፊርማ ደገም ላድርገው። የጋራ የሆነን ቤት አንዱ ብቻውን መሸጥ አይችልም። ሚስት «ገበያ ናት፣ ኋላ ትፈርማለች» ሲባል ከሰማችሁ እስክትመጣ ጠብቁ። ሻጭ ወራሽ ከሆነም ካርታው አሁንም በሟች ስም ሊሆን ይችላል። ያኔ መጀመሪያ ወራሾቹ ሁሉ ይወቁ፣ ስሙ ይዙር፣ ከዚያ ክፈሉ። ዓረብ አገር ያለው ወንድም «ተስማምቷል» መባሉ አይበቃም፤ ውክልናው ይታይ። ቤት ለመሸጥ ደግሞ ተራ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። መሸጥ እንደሚችል በግልጽ የሚናገር መሆን አለበት።

የግብር ደረሰኝ ካርታ አይደለም። ሃያ ዓመት የተከፈለ ቢሆንም። የመብራትና የውሃ ቢልም እንደዚያው። ይህን በየሳምንቱ ነው የምለው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ ነባር ይዞታ ላይ፣ ማለትም ያለ ሊዝ በተያዘ ቦታ ላይ፣ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ያደርጋል። ሻጭ «ሊዝ የለብኝም» ሲል አልዋሸም፤ ስም ሲዞር ግን እናንተ ላይ ይመጣል። ዋጋ ስትደራደሩ ይህንና የስም ማዛወሪያውን ወጪ ከወዲሁ ደምሩት። ማን እንደሚከፍልም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ? ሁለቱ የሚራራቁት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቤታቸው ግን አንድ አይደለም። ደሴ ጦሳ ሥር የተሰቀለች ደጋ ናት። ገደላማ ናት፤ መሬቷ የሚንሸራተትበት ቦታ እንዳለ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። በክረምት ሄዳችሁ እዩ። ግድግዳው ላይ በአግድም የሄደ ስንጥቅ፣ ያጋደለ አጥር፣ በቅርብ የተለሰነ ጥግ ካለ ጠይቁ። ኮምቦልቻ ሜዳና ሞቃት ናት። ፋብሪካ አላት፣ በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው ነው፤ ነጠላ ክፍል ፈላጊ ሠራተኛ አይጠፋም። በምትኩ የቦርከናን ጎርፍና የዋልካውን አፈር ማሰብ አለባችሁ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ ቤቱን ይዞት ይነሳል። ለኪራይ ገቢ ኮምቦልቻ፣ ለመኖር ደሴ እላለሁ። የደሴ ልጅ ስለሆንኩ አድልቼ ሊሆን ይችላል።

የሊዝ ቦታና ኮንዶሚኒየም

በጨረታ ቦታ መውሰድ ንጹሕ መንገድ ነው። ሻጭ የለም፣ ወራሽ የለም፣ ውሉ ከከተማው ጋር ነው። ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው። ቅድሚያ ክፍያው ከአሥር በመቶ አያንስም፣ ቀሪው በየዓመቱ ይከፈላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ ቤት የመሥሪያ ገንዘብ ላለው ሰው ነው። ግንባታ የመጀመሪያና የመጨረሻ ጊዜ ተቆርጦለታል። «ይዤው ልቀመጥና ሲወደድ ልሽጠው» ለሚል አይሆንም። ግንባታው ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ ልሽጥ ካላችሁ፣ ሕጉ በቦታው ዋጋ ላይ የመጣውን ትርፍ አብዛኛውን ለእናንተ አይተውም። ገንዘቡ ሁሉ ለሊዙ አልቆ አጥር ብቻ አጥሮ የሚያለቅስ ሰው አይቻለሁ።

ኮንዶሚኒየም ላይ ብዙ የሚወራ የለም። የራሳችሁ ክፍል ነው፣ ደረጃውና ጣሪያው የጋራ ነው። ጊቢ የለውም። እናታችሁ በርበሬ የሚያሰጡበት፣ በግ የሚያስሩበት ቦታ ካስፈለጋቸው ከመክፈላችሁ በፊት ወስዳችሁ አሳዩአቸው።

የገበሬ መሬት «በመንደር ውል»

አሁን ወደ አጎትየው ሁለት ጥማድ ልምጣ። አንድ ጥማድ የሩብ ሄክታር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ሄክታር ማለት ነው። በርካሽ። ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

ነገሩ ሁሌም በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የሚሄደው። ከተማው ዳር ያለ ገበሬ ገንዘብ ይቸግረዋል። ሽማግሌ ይሰበሰባል። በደብተር ወረቀት ላይ ይጻፋል። «ይህን ያህል ብር ተቀብዬ መሬቴን ለቅቄያለሁ፣ ውሉን ባፈርስ ይህን ያህል እቀጣለሁ» ይላል። ሽያጭ የሚለው ቃል ሕገ ወጥ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ «ስጦታ» ወይም «ብድር» ተብሎ ይጻፋል። ዱዓ ይደረጋል ወይም ይመረቃል፣ ቡና ይጠጣል። እነዚያ ሽማግሌዎች ክፉ ሰዎች አይደሉም። ቃላቸውን ያከብራሉ። ችግሩ ሽማግሌ ይሞታል፣ ሻጭም ይሞታል፣ ልጆቹ ያድጋሉ።

ልጆቹ ሲያድጉ እናታቸው የመሬት ደብተሩን ከሣጥን ታወጣለች። በአማራ ክልል ያ ደብተር የባልና የሚስትን ስም ጎን ለጎን ይዟል፣ ፎቷቸውም አለበት። የእናንተ ስም የለበትም። ፍርድ ቤት ሲሄዱ ውሉ ከመነሻው እንዳልነበረ ነው የሚቆጠረው፤ የማይሸጥ ነገር ነዋ የተሸጠው።

ከዚህ የባሰው ከተማው ሲሰፋ ነው። መንገድ ሊወጣበት ወይም ቦታው ለልማት ሊነሳ ይችላል። የካሳ አዋጁ ቁጥር 1161/2011 ለካሳ የሚያውቀው ሕጋዊ ባለይዞታን ነው። ስለዚህ ገንዘቡ የሚሄደው ደብተሩ ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው። እናንተ በዚያ ላይ ቤት ሠርታችሁ ከሆነ ደግሞ ጨረቃ ቤት ተብሎ በግሬደር ሊነሳ ይችላል።

«ብዙ ሰው እኮ እንዲህ ገዝቶ ኋላ ካርታ ወጥቶለታል» አለችኝ። ልክ ናት፣ የወጣላቸው አሉ። ያልወጣላቸው ግን የሚመጡት እኔ ጋ ነው።

እርሻ ከፈለጋችሁ ግን መንገድ አለ

ገጠር ላይ ገንዘብ ማዋል ክልክል አይደለም። መግዛት ባይቻልም መከራየት ይቻላል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ የባልም የሚስትም ፊርማ ይኑርበት፣ ወረዳው መሬት አስተዳደር ዘንድ ይመዝገብ። ዘመኑ ሲያልቅ መሬቱ ይመለሳል፤ የተከላችሁት ዛፍ ካለ የማን እንደሚሆን አስቀድሞ ይጻፍ። የባህር ዛፍ ጠብ ከሰው ጠብ ይረዝማል።

እኩል አራሽነትም አለ። ባለመሬቱ መሬቱን፣ ሌላው በሬና ጉልበቱን ያወጣል፣ ምርቱ ለሁለት። ዘርና ማዳበሪያው የማን እንደሆነ ካልተነጋገራችሁ አውድማ ላይ ትጣላላችሁ። ጅዳ ለሠራች ሴት ግን እኩል የሚሆነው እዚያው የሚቀመጥ የምታምነው ዘመድ ካላት ብቻ ነው።

ወለድ አገድ የሚባለው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገንዘብ ታበድራላችሁ፣ በወለዱ ፈንታ መሬቱን እያረሳችሁ ትበላላችሁ፣ ብሩ ሲመለስ መሬቱን ትለቃላችሁ። ቃሉ በፍትሐ ብሔር ሕጉም አለ። አገር ቤት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሽያጭን መሸፈኛ ሲሆን ነው የማየው። ሃይማኖታቸው ወለድን የሚከለክላቸው ሰዎችም ይህ ሐላል ነው ወይስ አይደለም ብለው ይጠይቁኛል። ያ ለሸሁ እንጂ ለእኔ የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም።

ባጃጅ፣ ከብት፣ ወርቅ

ወንድሟ ተሳስቷል አልልም። ባጃጅ ገንዘቡን ዛሬ ያመጣል። ቤት ከተከራይ በወር አንዴ፣ ባጃጅ በየማታው። ሲቸግራችሁም በሳምንት ውስጥ ይሸጣል፤ ቤት ወራት ይፈጃል። ወረቀቱም ቀላል ነው። ሊብሬው በስማችሁ ይዙር እንጂ «ኋላ እናዞረዋለን» አትበሉ። ግን ባጃጅ በየዓመቱ ያረጃል። ጎማ ይበላል፣ ሞተር ይጠይቃል፣ ደሴ ዳገት ላይ ደግሞ ቶሎ ነው። ቤት እያረጀ ይወደዳል፣ ባጃጅ እያረጀ ይረክሳል። ሹፌሩ ወንድም ሲሆን የማታው ሂሳብ ላይ የሚመጣውን ነገር ለእናንተ ትቻለሁ።

ላም ለርቢ መስጠትም ለትንሽ ገንዘብ ጥሩ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትና ሰብልን የመሰለ ንብረት ተመዝግቦ ለብድር መያዣ እንዲሆን በር ከፍቷል። ድሮ ባንክ፣ መያዣው ቤት ካልሆነ፣ ዞር ብሎ አያይም ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ግን ሁለቱን ዓይነት ንብረት ጎን ለጎን አየኋቸው። ከተማውን ለቅቀን ወጣን። ካርታውን በፌስታል ጠቅልዬ ከሸሚዜ ሥር አድርጌው ነበር። ስንመለስ ቤቴ ቆሟል። በሩ ተገንጥሏል። ፍሪጁ የለም፣ ቴሌቪዥኑ የለም፣ የጽሕፈት መኪናዬ የለም። መንቀሳቀስ የሚችል ነገር ሁሉ ተንቀሳቅሷል። ጎረቤቴ ግን ወርቋን አንገቷ ላይ አድርጋ ነበር የወጣችው፤ አዲስ አበባ ሁለት ወር ያኖራት እሱ ነው። የማይንቀሳቀሰው ጠበቀን፣ የሚንቀሳቀሰው አብሯት ሸሸ። ከዚያ ወዲህ ሰው ገንዘቡን ሁሉ ግድግዳ ላይ ሲያደርገው ትንሽ ቅር ይለኛል።

ታዲያ ለማን የቱ?

በሁለት ዓመት ውስጥ ገንዘቡን የምትፈልጉት ከሆነ ቤት አትግዙ። ተመልሳችሁ ወደ ስደት የምትሄዱ ከሆነና የሚጠብቅላችሁ ሰው ከሌለ፣ ካርታ ያለው ቤት በሕጋዊ የኪራይ ውል አከራይታችሁ ሂዱ፤ ባጃጅ አትተዉ። የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ካለው የማይንቀሳቀስ ንብረት ማፍራት አይከለከልም። ቤት ለመሥራት ገንዘብና ትዕግሥት ካላችሁ የሊዝ ቦታ ከሁሉ ንጹሕ ነው። የገበሬ መሬት በመንደር ውል ግን ለማንም አልመክርም፤ ለገዛ አጎቴ ልጅም ቢሆን።

እሷ በስተመጨረሻ ገራዶ በኩል ሁለት ክፍል ያላት አሮጌ ጭቃ ቤት አገኘች። ካርታዋ በሻጯ ስም ነው። ቤቷ ያዘመመች ናት፣ ቦታዋ ግን ደልዳላ ነው። ከገንዘቡ ትንሽ አስቀርታ ሁለት ላም ለአጎቷ ለርቢ ሰጠች፤ ኩርፊያው እንዲበርድ ይመስለኛል። ወንድሟ እስካሁን ያኮርፋል። ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጨርሼ ላነብላቸው ስል አስቆመችኝና ወደ ጣሪያው ጠቆመች።

«ሮቶውን ጽፈኸዋል?» አለችኝ።